ሎከሩ ስንት ሳጥን ይኑረው? የጥቅል መረከቢያ ሎከርን አቅም ደረጃ በደረጃ ማስላት

ዕቃ አድራሹ ጥቅል የሚያስቀምጥበትን፣ ደንበኛውም በኋላ መጥቶ የሚወስድበትን ሎከር ለመትከል የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በቀን ስንት ጥቅል ይመጣል?» ብሎ ነው። 60 ይመጣል ከተባለ 60 ሳጥን ይታዘዛል፤ ለመጠባበቂያ 10 ይጨመርና ጉዳዩ ይዘጋል። ሎከሩ ይተከላል፣ ሰውም ይለምደዋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ዕቃ አድራሹ 60 ጥቅል ይዞ ይመጣና 40 ብቻ አስገብቶ 20ውን መልሶ መኪናው ላይ ይጭናል። 70 ሳጥን ፊት ቆሞ ቦታ አጣ። ለምን ቢባል፣ 30ዎቹ ውስጥ የትናንትና የከትናንት ወዲያ ዕቃ አድሯል።

አንድ ሳጥን በቀን 1 ጥቅልም 3 ጥቅልም ሊያስተናግድ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ደንበኛው መጥቶ እስኪወስድ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ የሚዞረው በጊዜ ዙሪያ ነው።

ለመግባባት ያህል፣ «ሎከር» የምለው ሙሉውን ነው፤ «ሳጥን» የምለው ደግሞ የራሷ በር ያላትን አንዷን ክፍል። የምሳሌ ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው። የራሳችሁን ዳታ ስታገኙ በቦታቸው ተኩ።

ደረጃ 1፦ የሚመጣውን ጥቅል በየቀኑ ቁጠሩ

ሎከሩ በሚተከልበት አካባቢ ያለፉት 3 ወራት የማድረስ መዝገብ ያስፈልጋችኋል። የወር ድምር አይበቃም። በወር 1,600 ጥቅል የሚለው ቁጥር ለበጀት ይጠቅም ይሆናል፤ ለሎከር ግን ምንም አይነግራችሁም። የምትፈልጉት እያንዳንዱ ጥቅል የደረሰበትን ቀን፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቁመቱን፣ እንዲሁም ተቀባዩ ቤቱ ተገኝቶ እንደሆነ ነው።

ሁሉም ሰው ሎከር አይመርጥም። መጀመሪያ የሚመጡት ቀን ቀን ቤታቸው የማይገኙትና ዕቃ አድራሹ ደጋግሞ የሚያጣቸው ናቸው። «አልተገኘም» ተብሎ የተመለሰው ጥቅል ብዛት እንግዲህ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ምን ያህል ሰው ይጨመራል የሚለውን በግምት ከመሙላት፣ ሌላ ቦታ ያለ ሎከር ወይም የዕቃ መረከቢያ ሱቅ በስንት ወር ምን ያህል እንዳደገ ማየት ይሻላል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ቀድሞ የተተከለ ሎከር ዳታ ካላችሁ፣ መዝገቡ የሚያሳየው የገባውን ነው። ሞልቶ የተመለሰውና ደንበኛው «ቦታ የለም» ሲባል ወደ ሌላ አማራጭ የሄደው እዚያ ውስጥ የለም። በየቀኑ ጢም የሚል ሎከር መዝገቡ ሲታይ የተረጋጋ ይመስላል። 70 ሳጥን ያለው ሎከር ሁልጊዜ 70 አካባቢ ቢያሳይ ፍላጎቱ 70 ነው ማለት አይደለም። ሞልቶ የዋለባቸውን ቀኖች ለይታችሁ አውጡና በሌሎቹ አስሉ፣ ወይም የተመለሰውን ከመኪናው መዝገብ ፈልጋችሁ ደምሩበት።

ደረጃ 2፦ አዳሪዎቹን (ሳይወሰዱ የሚያድሩትን ጥቅሎች) ለዩ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው አማካይ ቁጥር ይዞ የሚሄደው። «ጥቅል በአማካይ 1 ቀን ይቆያል» ይባላል። እስቲ ይህ አማካይ ውስጥ ምን እንዳለ እንየው።

100 ጥቅል ገባ እንበል። 60ው በግማሽ ቀን ተወሰደ። 25ቱ አንድ ቀን ቆየ። 15ቱ 3 ቀን ተቀመጠ። የመጀመሪያዎቹ 60ዎች በድምሩ የ30 ቀን የሳጥን ጊዜ ወሰዱ፣ 25ቱ 25፣ 15ቱ ደግሞ 45። ድምሩ 100፣ አማካዩም ልክ 1 ቀን ነው። ግን ከመቶ 15 የሆኑት ደንበኞች የሎከሩን ጊዜ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ይዘውታል። እነዚህን 15 ሰዎች ማፍጠን ብዙ ሳጥን ከመግዛት ሊበልጥ ይችላል። አማካዩ ግን ጭራሽ አያሳያችሁም።

ስለዚህ አማካዩን ተዉትና ይህን ጠይቁ፦ ዛሬ ጠዋት ከገባው ውስጥ፣ ነገ ዕቃ አድራሹ ሲመጣ ስንት በመቶው ገና እዚያው አለ? ከነገ ወዲያስ? ዳታው ሎከሩ ውስጥ አለ፤ እያንዳንዱ በር የተዘጋበትና የተከፈተበት ሰዓት ይመዘገባል። ሎከር ገና ከሌላችሁ የመረከቢያ ሱቅ መዝገብም ያገለግላል።

ለምሳሌያችን 35 በመቶው ቢያንስ አንድ ሌሊት ያድራል፣ ከጠቅላላው 15 በመቶው ሁለት ሌሊት ያድራል፣ በሦስተኛው ጠዋት የቀረው ሁሉ ይነሳል እንበል።

እነዚህን ቁጥሮች ከፍ ዝቅ የሚያደርጋቸው ዋናው ነገር ቦታው ነው። ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያልፍበት ሎከር ቶሎ ይራገፋል። ሌሊት በሩ የሚዘጋ ሕንፃ ውስጥ ያለው ግን አምሽቶ የሚገባውን ደንበኛ ያጣል፤ ያ ዕቃ ሳይወድ ያድራል። ሁለተኛው የማቆያ ጊዜው ነው። የፖላንዱ የሎከር ኩባንያ ኢንፖስት በአገሩ ደንበኛው በ48 ሰዓት እንዲወስድ ይጠይቃል፣ አማዞን 3 ቀን ይሰጣል። ረጅም ቀጠሮ የተሰጠው ሰው «ነገ እሄዳለሁ» ይላል፤ ሲነጋም ያንኑ።

ደረጃ 3፦ ዕቃ አድራሹ በሩን ዘግቶ የሚሄድበትን ሰዓት አስሉ

ጆን ሊትል በ1961 ያረጋገጠው ሕግ አለ፦ ውስጥ ያለው አማካይ ብዛት፣ በቀን የሚገባው ብዛት በአማካይ ቆይታው ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። በቀን 60 ጥቅል ገብቶ በአማካይ 1 ቀን ከቆየ፣ በአማካይ 60 ሳጥን ተይዟል። ሕጉ ትክክል ነው፤ ቀላልም ነው። ችግሩ ሌሊቱንም፣ እኩለ ቀኑንም፣ ጠዋቱንም አንድ ላይ ማቀላቀሉ ነው። ሎከር የሚጨናነቀው ግን በአንድ ሰዓት ነው። ዕቃ አድራሹ የመጨረሻውን በር ዘግቶ ሲሄድ።

ያንን ሰዓት ለማግኘት የዛሬውን ጥቅል፣ ከትናንቱ ያደረውንና ከትናንት ወዲያ የተረፈውን ደምሩ። ይህን ለእያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን ለየብቻ አድርጉት። ኤክሴል ላይ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

በምሳሌያችን እሁድ ዕቃ አይመጣም፤ የሚመጣው ጥቅል ሰኞ 80፣ ማክሰኞ 75፣ ረቡዕ 60፣ ሐሙስ 55፣ ዓርብ 60፣ ቅዳሜ 50 ነው። ዕቃ አድራሹ ሲሄድ የተያዙት ሳጥኖች እነሆ፦

ሰኞ፦ 80 አዲስ፣ 8 ያህል ከቅዳሜ የተረፈ። ድምር 88።
ማክሰኞ፦ 75 አዲስ፣ 28 ከሰኞ ያደረ። ድምር 103።
ረቡዕ፦ 60 አዲስ፣ 26 ከማክሰኞ፣ 12 ከሰኞ። ድምር 98።
ሐሙስ፦ 55 አዲስ፣ 21 ከረቡዕ፣ 11 ከማክሰኞ። ድምር 87።
ዓርብ፦ 60 አዲስ፣ 19 ከሐሙስ፣ 9 ከረቡዕ። ድምር 88።
ቅዳሜ፦ 50 አዲስ፣ 21 ከዓርብ፣ 8 ከሐሙስ። ድምር 79።

ረቡዕን ልብ በሉ። የመጣው ጥቅል ከሰኞ በ20 ያንሳል፤ የተያዘው ሳጥን ግን በ10 ይበልጣል። «ሰኞ ነው የሚበዛብን» ብሎ ሰኞን የሚጠብቅ ሰው ማክሰኞና ረቡዕ ይወድቅበታል። በቀን አማካይ 63 ጥቅል የሚቀበል ሎከር ማክሰኞ 103 ሳጥን ይፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ለመዋዠቅ ቦታ ተዉ

103 የማክሰኞ አማካይ ነው። አማካይ ላይ የተሠራ ሎከር ከሁለት ማክሰኞ በአንዱ ይሞላል ማለት ነው። መጠባበቂያ የግድ ነው፤ ጥያቄው ስንት የሚለው ነው።

ሰዎች እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ የሚያዙ ከሆነ፣ መዋዠቁ የአማካዩ ስኩዌር ሩት ያህል ነው። የ103 ስኩዌር ሩት 10 ገደማ ነው። ከ20 አንዴ ብቻ እንዲሞላ በስታቲስቲክስ የሚወሰደው ማባዣ 1.65 ነው፤ በእሱ ስታባዙት 17 ይሆናል፤ 103 ላይ ሲጨመር 120። በዚህ አቅም ሎከሩ የሚሞላው ከ20 ማክሰኞ በአንዱ ነው። ከ100 በአንዱ ብቻ ይሁን ካላችሁ በ2.33 አባዙ፤ 127 ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ከ20 አንዴ የሚሞላን ሎከር በሌላ ዘዴ ማስታገስ ይቻላል፤ ተጨማሪዎቹ 7 ሳጥኖች ግን ዓመቱን ሙሉ ለጥቂት ቀናት ብለው ተገትረው ይኖራሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትልቅ ቅናሽ ሲታወጅ ሰው በአንድ ቀን አብሮ ያዛል፤ ያኔ የስኩዌር ሩቱ ስሌት መዋዠቁን ያሳንሰዋል። ያለፉትን ማክሰኞዎች ደርድሩና በእርግጥ ምን ያህል እንደሚዋዥቁ እዩ። ከሁለቱ ትልቁን ውሰዱ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ሎከር ይሻላል ወይስ ብዙ ትንንሽ የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መልሱን ቀድሞ የሰጠው የስልክ ሰው ነው። አግነር ክራሩፕ ኧርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ፣ ስንት መስመር ቢኖር ስንት ደዋይ «መስመሩ ተይዟል» እንደሚባል የሚያሰላ ቀመር በ1917 አሳተመ። በዚያ ቀመር ከ100 ፈላጊ 1 ብቻ እንዲመለስ ከፈለጋችሁ፣ 10 ሳጥን መሸከም የሚችለው በአማካይ 4.5 ያህል የተያዘ ሳጥን ነው። 100 ሳጥን ግን 84 ይሸከማል። ቀመሩ ጥቅሎች አንድ በአንድ ሲመጡ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በመኪና ተጭኖ በጅምላ ለሚመጣ ዕቃ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱት። አቅጣጫው ግን አይለወጥም፤ አሥር ቦታ የተበተነ አቅም ከአንድ ቦታ አቅም ብዙ ያባክናል። በሌላ በኩል ደግሞ ሩቅ የሆነ ትልቅ ሎከር አዳሪ ያበዛል። ሁለቱን በራሳችሁ የአዳሪ ቁጥር ካልመዘናችሁ በቀር አጠቃላይ መልስ የለውም።

ደረጃ 5፦ መጠን በመጠን ከፋፍሉ

120 ሳጥን አላችሁ፤ ሁሉም ትንንሽ ከሆኑ ግን የትልቅ ጥቅል ባለቤት ይመለሳል።

መጀመሪያ ጥቅሉን በሦስቱም ጎን ለኩ። በሊትር መለካት አያዋጣም። ረጅምና ቀጭን ጥቅል መጠኑ ትንሽ ሆኖ በሩ አይዘጋለትም። የኢንፖስት ሳጥኖች ጥሩ ማሳያ ናቸው፦ ስፋታቸው ሁሉ 38 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀታቸው ሁሉ 64 ሴንቲሜትር፣ ቁመታቸው ብቻ 8፣ 19 እና 41። ቁጥሮቹን ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው። ሁለት ባለ 8 ላይ ለመሃከሉ 3 ስትጨምሩ 19 ይሆናል። ሁለት ባለ 19 ላይ 3 ስትጨምሩ 41። ማለትም አንድ ትልቅ ሳጥን በሚይዘው ቦታ ሁለት መካከለኛ፣ በአንድ መካከለኛ ቦታ ደግሞ ሁለት ትንሽ ይገባል። ትልቅ ሳጥን በበዛ ቁጥር ከግድግዳው የሚወስደው ቦታ ውድ ነው።

አሁን ክፍፍሉ። ከጥቅሎቹ 55 በመቶው ትንሽ፣ 35 በመቶው መካከለኛ፣ 10 በመቶው ትልቅ ነው እንበል። የማክሰኞው 103 ሲከፈል 57፣ 36 እና 10 ይሆናል። ለእያንዳንዱ ለብቻው መጠባበቂያ ብትጨምሩ 69፣ 46 እና 15 ታገኛላችሁ። ድምሩ 130 ነው። ከ120ው 10 ሳጥን በለጠ፤ ምክንያቱም ለሦስቱም የየራሳቸውን መጠባበቂያ ገዛችሁ።

ግን ትንሽ ጥቅል ትልቅ ሳጥን ውስጥ መግባት ይችላል። የማይቻለው ተቃራኒው ነው። ይህንን ለመጠቀም ከትልቁ ጀምራችሁ ወደ ታች ደምሩ፦

ትልቁ ብቻ፦ 10 ከነመጠባበቂያው 15።
ትልቁና መካከለኛው አብረው፦ 46 ከነመጠባበቂያው 57። ከዚህ 15ቱ ትልቅ ስለሆኑ መካከለኛው 42።
ሦስቱም አብረው፦ 103 ከነመጠባበቂያው 120። ከዚህ 57ቱ ስለተያዙ ትንሹ 63።

15፣ 42፣ 63። ድምሩ 120። ትንሽ ጥቅል በበዛበት ቀን ወደ መካከለኛው ይሻገራል፤ መካከለኛው በበዛበት ቀን ወደ ትልቁ።

ይህ እንዲሠራ የአሞላሉ ሥርዓት አብሮ መስተካከል አለበት። ዕቃ አድራሹ መጀመሪያ ትልልቁን፣ ቀጥሎ መካከለኛውን፣ መጨረሻ ትንንሹን ያስገባ። ሲስተሙም ዕቃውን የሚችለውን ትንሹን ሳጥን ይክፈትለት። እጁ ላይ እንደመጣለት የሚያስገባ ከሆነ፣ ትንንሾቹ ትልልቁን ሳጥን ይይዙትና የመጨረሻው ትልቅ ካርቶን ሜዳ ላይ ይቀራል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጊዜያቸው ያለፈባቸውንና ደንበኞች መልሰው ያስገቧቸውን ዕቃዎች ያውጣ። ተመላሽ ዕቃ ጠዋት መጀመሪያ ከወጣ ቦታ አይሻማም፤ መጨረሻ ከወጣ ግን ይሻማል።

ደረጃ 6፦ ግድግዳው ላይ አስቀምጡት

ሎከር የሚገዛው በዓምድ እንጂ በሳጥን አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ወደሚቀርበው ሙሉ ዓምድ ከፍ አድርጉ። ትርፉ ወደ ትልልቁ መጠን ይሂድ፤ ትልቅ ሳጥን ሁሉንም ያስተናግዳል። ለብልሽትም አስቡ። እኔ ከ100 በር 2 እንደማይከፈት ቆጥሬ ነው የምነሳው። ለዚህኛው ሎከር 3 ሳጥን ተጨምሮ 123 ይሆናል።

ከፍታም አቅም ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መስፈርት ተጠቃሚው እጁን የሚያነሳበትን ከፍታ ቢበዛ 122 ሴንቲሜትር ያደርገዋል። ከዚያ በላይ ያሉት ሳጥኖች በዊልቸር ለሚመጣ ሰው የሉም ማለት ነው። ዝቅ ያሉትን ጥቂት ሳጥኖች ለሚጠይቁ ደንበኞች ከያዛችሁ ከጠቅላላው ቁጥር ላይ ቀንሱ።

ደረጃ 7፦ ሳጥን ከመጨመራችሁ በፊት ጊዜውን አሳጥሩ

ቦታው 123 ካልቻለ ተስፋ አትቁረጡ። ግን የትኛው ዘዴ የትኛውን ቀን እንደሚያቃልል እያሰላችሁ ሂዱ።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው የማቆያ ጊዜውን ማሳጠር ነው። ምሳሌያችን ላይ ሁለት ሌሊት ያደረውን ሁሉ ብናነሳ ረቡዕ ከ98 ወደ 86 ይወርዳል። ማክሰኞስ? እዚያው 103። እሁድ ዕቃ ስላልገባ ማክሰኞ ላይ ሁለት ሌሊት ያደረ ጥቅል የለም። ደንበኛው ተቆጥቶ፣ ያልተወሰደውን ዕቃ ለመመለስ ወጪ ወጥቶ፣ የከፋው ቀን አንድ ሳጥን አላገኘም።

ማክሰኞን የሚያቃልለው የሰኞ ጥቅል ሰኞውኑ እንዲወሰድ ማድረግ ነው። ሰኞ ጠዋት ከሚላከው ኤስኤምኤስ ሌላ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት አንድ ማስታወሻ ላኩ። አዳሪው ከ35 ወደ 25 በመቶ ቢወርድ ማክሰኞ 95 ይሆናል። 8 ሳጥን በአንድ መልእክት።

ሌላው በቀን ሁለት ጊዜ ማምጣት ነው። ቀኑ ሁሉ እኩል 60 ጥቅል በሚመጣበት ሎከር አንዴ ጠዋት ብቻ ከመጣ፣ ዕቃ አድራሹ ሲሄድ 90 ሳጥን ይያዛል። 30 ጠዋት 30 ማታ ከሆነና ከገባው ውስጥ በግማሽ ቀን 60፣ በአንድ ቀን 35፣ በአንድ ቀን ተኩል 22፣ በሁለት ቀን 15፣ በሁለት ቀን ተኩል 9 በመቶው የሚቀር ከሆነ፣ የሚያዘው 72 ገደማ ነው። ለተጨማሪው የመኪና ምልልስ የምትከፍሉትን ከ18 ሳጥን ዋጋ ጋር አወዳድሩ። መኪናው ለማንኛውም በዚያ የሚያልፍ ከሆነ ክርክር አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ቦታን አስቀድሞ መያዝ ነው። ደንበኛው ሲያዝ ለሚደርስበት ቀን ሳጥን ይቆጠርለታል፤ ካለቀ ያ ሎከር ከምርጫው ይጠፋል ወይም ቅርብ ያለ ሌላ ይቀርብለታል። ዕቃው ደጃፍ ደርሶ ከሚመለስ ሲያዝ «ሞልቷል» ቢባል ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ለበዓል ሰሞን ሎከር አትሥሩ

ብላክ ፍራይደይን ወይም የኅዳር ወር በባተ የሚመጣውን የቻይናውን 11/11 ሽያጭ አይቶ በዚያ መጠን ሎከር ማዘዝ ያጓጓል። ቀሪውን ዓመት ግን ባዶ በር ትጠብቃላችሁ። ለእነዚያ ሳምንታት ጊዜያዊ መላ ይበቃል፦ ተጨማሪ ምልልስ፣ ትርፉን የሚቀበል የተስማማ ሱቅ፣ አጭር የማቆያ ጊዜ። ብቻ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሱቁም እኮ ያን ሰሞን ሥራ ይበዛበታል።

ደረጃ 9፦ ከተተከለ በኋላ ሦስት ቁጥር ተከታተሉ

ዕቃ አድራሹ ሲሄድ የተያዘው ሳጥን በየመጠኑ። ቦታ አጥቶ የተመለሰው ጥቅል። በማግስቱ ያደረው በመቶኛ። የቀን አማካይ አያያዝ የሚባለውን ሪፖርት ሻጩ ይሰጣችኋል፤ ያምራል፣ ብዙም አይጠቅምም።

የተያዘው በተከታታይ አራት ሳምንት ማክሰኞ ማክሰኞ ከ95 በመቶ ካለፈ፣ መጀመሪያ የአዳሪውን መቶኛ እዩ። እሱ ከጨመረ ችግሩ ማስታወሻው ወይም የቦታው መግቢያ ነው። ካልጨመረ ጥቅሉ አድጓል፤ ዓምድ ጨምሩ። አንዱ መጠን ብቻ ከሞላና ሌላው ክፍት ከሆነ ደግሞ ዓምዱን በሌላ መለወጥ ይበቃ ይሆናል።

ለዚህ ሲባል ገና ሲተከል ከጎኑ የአንድ ዓምድ ስፋት ባዶ ይተው፤ መሠረቱም እስከዚያ ይፍሰስ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩም እዚያ ድረስ ይቀበር። በኋላ ኮንክሪቱን ሰብሮ ኬብል መሳብ ከዓምዱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።